የጭድ ሣጥኑ ክረምት

ባለፈው ሰሞን ከመካኒሳ ወደ ለቡ በታክሲ ስሄድ ጭድ የጫነ አይሱዙ ፊታችን ገባና አልወጣም አለ። ዝናብ ሲመታው ያደረ የጤፍ ጭድ ነው። ሽታውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ግማሹ አውድማ፣ ግማሹ በረት ነው። ተሳፋሪው ሁሉ መስኮቱን ሲዘጋ እኔ የእኔን ከፈትኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ፣ "እናት፣ ይዝጉት እንጂ፣ ሸተተን እኮ" አለኝ። "ይሽተትህ፤ ወንድሜን ያሳደገው ይኼ ነው" አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። አብዳለች ብሎ ይሆናል። ይበል።

ቀልዴን አልነበረም። ወንድሜ ዛሬ ሰውዬ ሆኖ፣ ቦርጭ አውጥቶ፣ ለቡ ቤት ሠርቶ የሚኖረው በአንድ ክረምት የጭድ ሣጥንና በእትዬ አስካለ ምክንያት ነው። እሷ ባትኖር ኖሮ እሱም አይኖርም ነበር። እንዲህ ብዬ ስናገር ጉራ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

እትዬ አስካለ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። በደርግ ጊዜ፣ እኔ የወተት ጥርሴን እየለወጥኩ ሳለሁ፣ ነፋስ ስልክ እኛ ቤት ነበር የምትኖረው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። ሱሪ ትለብሳለች፣ ጣቷ ላይ ጠመኔ አይጠፋም፣ ስትራመድ ከኋላዋ የሚያባርራት ያለ ይመስላል። እናቴ፣ "መጀመሪያ አፍሮዋ ይገባል፣ ቀጥሎ እሷ ትገባለች" እያለች ትቀልድባት ነበር። የሰፈሩ ሰው መቼ ነው የምታገቢው ሲላት፣ "ዕረፍት ሳገኝ" ትላለች። እኔ ደግሞ ካገባች ትሄድብኛለች ብዬ ስለምፈራ፣ ማታ ማታ እግዜር ዕረፍት እንዳይሰጣት እጸልይ ነበር።

አንድ አመል ነበራት። ጥያቄ ስትጠየቅ መልስ አትሰጥም። "ንኪና ንገሪኝ" ነው የምትለው።

አንድ ቀን ሻዬን ረስቼው ቀዘቀዘና፣ "እትዬ፣ ሙቀቱ የት ሄደ?" አልኳት።

"ንኪና ንገሪኝ። ብርጭቆው የተቀመጠበትን ቦታ ንኪ።"

ነካሁት። ጠረጴዛው እዚያች ቦታ ላይ ሞቅ ብሏል።

"አየሽ፣ አልጠፋም" አለችኝ። "ሙቀት እንዲሁ ብን ብሎ አይጠፋም። ከምንምም አይፈጠርም። ቤት ይቀይራል፣ መልክ ይቀይራል እንጂ። እስቲ መዳፍሽን ፈትጊው። ሞቀሽ? ጉልበትሽ ነው ሙቀት የሆነው። ይኼ የመጀመሪያው ሕግ ነው።"

ሕግ ስትል እኔ የማውቀው በሬዲዮ የሚነበበውን አዋጅ ነው። ሬዲዮኑ አዋጅ ካለ ቤታችን ውስጥ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ይከለከላል ወይም አንድ ነገር ይወረሳል። ስለዚህ ፈራ ተባ እያልኩ፣ "ደርግ ነው ያወጣው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"የለም፣ ከደርግ በፊትም ነበረ፤ ከደርግ በኋላም ይኖራል።"

እናቴ ከጓዳ፣ "አስካል፣ ኧረ ለግድግዳም ጆሮ አለው በይ" አለቻት። እትዬ ከንፈሯን ነክሳ ሳቀች። እኔ ግን ነገሩ በዚያ አላበቃልኝም። ሙቀት የማይጠፋ ከሆነ፣ እስከ ዛሬ የጠጣነው ሻይ ሁሉ ሙቀት እቤታችን ውስጥ አለ ማለት ነው ብዬ አልጋ ሥር ገብቼ በእጄ ስዳብስ ዋልኩ። ያገኘሁት አቧራና የጠፋ ጫማዬን ነው። እትዬ ከሥራ ስትመጣ ከአልጋ ሥር የወጣ እግሬን አይታ ምን እንደምፈልግ ስነግራት፣ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ቀዳዳ አሳየችኝ። "በዚያ ወጥቶ ነፋስ ስልክን እያሞቀ ነው" አለችኝ። ነፋስ ስልክ ስትሞቅ ግን አይቼ አላውቅም።

ሌላ ቀን ደግሞ እናቴ ልብስ ልታጥብ ስትል እትዬ ሦስት ሳፋ ተዋሰቻትና ደጅ ደረደረቻቸው። በአንዱ የፈላ ውሃ በርዶለት ለእጅ እስኪመች፣ በአንዱ ከቦኖ የመጣ የሚያቆራምድ ውሃ፣ በመሃለኛው ለብ ያለ። ቀኝ እጄን ሙቁ ውስጥ፣ ግራዬን ቀዝቃዛው ውስጥ ነክሬ ቆየሁ። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ መሃለኛው ውስጥ እንድከት አደረገችኝ። ቀኝ እጄ ቀዘቀዘኝ አለ። ግራ እጄ ሞቀኝ አለ። አንድ ውሃ ውስጥ ናቸው እኮ።

"አንዱ ውሸታም ነው" አልኳት።

"ሁለቱም ናቸው" አለችኝ። "እጅ ስለ ውሃው አይደለም የሚነግርሽ። ከራሱ ጋር አስተያይቶ ነው። ከእሱ የሞቀ ነገር ሲሰጠው ሙቅ ይላል፤ ከእሱ የቀዘቀዘ ሲወስድበት ቀዝቃዛ ይላል። እኩል ሲሆኑ ግን ሰጪም ተቀባይም የለም። ያኔ ምንም አይሰማሽም።" ከዚያ በኋላ የአንድን ነገር ሙቀት ከመናገሬ በፊት እጄን ብብቴ ሥር ከትቼ እንዳቆይ አዘዘችኝ። "ብብት አይዋሽም" አለች። እኔም ብብት አይዋሽም እያልኩ ሰፈሩን አሰለቸሁት።

የዚያ ዓመት ክረምት ክፉ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ለሰው አይደማመጥም። ከሰሉ ረጥቦ አልያዝ ይላል። ላምባ በቀበሌው ሱቅ መጣ ሲባል ሰልፉ ሰፈሩን ይዞራል፤ ተራ ሲደርስ ደግሞ አለቀ ይባላል። እናቴ እርጉዝ ነበረች፤ እፍ ስትል ትደክማለች። እትዬ ይኼን ሁሉ ስታይ ሰነበተችና አንድ ቀን አባቴ ከሚሠራበት ፋብሪካ የተጣለ የእንጨት ሣጥን አሸክማ መጣች። ያን ጊዜ ለቡ ገጠር ነው፤ ከዚያ ወተት የሚያመጡልን ገበሬ በአህያ አንድ ጆንያ የጤፍ ጭድ አመጡላት። ጭዱን ሣጥኑ ውስጥ ጠቀጠቀችው፣ መሃሉን በድስቱ ልክ ጎድጎድ አደረገችው፣ በአሮጌ ጨርቅ የጭድ መከዳ ሰፍታ ክዳን ሠራችለት።

ጠዋት ባቄላው ጥቂት ፈላ እንዳለ ድስቱን ከእሳቱ አውጥታ ሣጥኑ ውስጥ ቀበረችውና የክረምት ትምህርት ልታስተምር ትምህርት ቤቷ ሄደች። ከሰዓት በኋላ መጥታ ከፈተችው። እንፋሎቱ ፊታችንን መታን። ባቄላው በስሎ ፍርክስክስ ብሏል። እናቴ በጣቷ አንዱን ጨፍልቃ አየችውና አማተበች።

በሩ ላይ እማማ ተዋቡ ቆመው ነበር። እማማ ተዋቡ ጎረቤታችን ናቸው፤ የሰፈራችን አዋላጅ። ነፋስ ስልክ ውስጥ ግማሹ ሰው በሳቸው እጅ ነው መሬት የነካው። "ያለ እሳት የበሰለ ነገር እኔ አልቀምስም፤ የሰይጣን ምድጃ ነው" አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ "እስቲ ጨው አምጡ" አሉ። ከዚያ ማን ያስቁማቸው።

እኔም በተራዬ ጠቢብ ልሁን ብዬ፣ በማግስቱ ማንም ሳያየኝ ጥሬ ባቄላ በቦኖ ውሃ ዘፍዝፌ ሣጥኑ ውስጥ ቀበርኩት። ስከፍተው ባቄላው እንዳለ አለ፤ ውሃውም ያቆራምዳል። አለቀስኩ። እትዬ ግን አልሳቀችብኝም፤ ከእኔ ጋር ቁጢጥ ብላ ድስቱን አየችው።

"ጭዱ እሳት መስሎሽ ነው አይደል? ጭድ ሙቀት አይሠራም፤ ዘበኛ ነው። ያስገባሽውን እንዳይወጣ ይጠብቅልሻል። ቀዝቃዛ አስገባሽ፣ ቀዝቃዛውን ጠበቀልሽ። ዘበኛ ምን ያድርግ?"

አስተማሪ ማለት ይቺ ናት። ስንት ነገር የነገሩኝ ሰዎች ነበሩ፤ የነገሩኝ ሁሉ ጠፍቶ ያ የድስት ውሃ ብቻ እስከ ዛሬ አለ።

ክረምቱ ሳይጋመስ እናቴን ምጥ ያዛት። ጊዜዋ አልነበረም፤ ገና ስምንተኛ ወሯ ነው። ሰፈራችን ውስጥ የሰባት ወር ልጅ ይተርፋል፣ የስምንት ወር ግን አይበረክትም ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ሆስፒታል ወሰዷት፤ ወንድሜ እዚያ ተወለደ። ቀን ሳይሞላቸው ለሚወለዱ የሚሆነው የሙቀት ሣጥን ተይዞ ነበር፤ አንዱ ውስጥ ሁለት ሕፃን ተኝተዋል። ነርሷ ደግ ሰው ነበረች አሉ። "ልጁ ይተነፍሳል፣ ይጠባል፤ ጠላቱ ብርድ ነው። ውሰዱና አሙቁት፤ ሌላ መድኃኒት የለውም" ብላ ላከቻቸው።

ሲያመጡት አየሁት። የአባቴን ጫማ አያክልም። ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ጥፍሩ ገና ያልወጣ፣ ሲያለቅስ ድምፁ የማይሰማ። እናቴ ደም ፈሷት እጅ እግሯ በረዶ ሆኗል፤ ልጇን ለማቀፍ እንኳ ክንዷ አይታዘዛትም። እማማ ተዋቡ ልጁን በጋቢ ጠቀለሉት። ጋቢው ላይ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ሌላ ጋቢ። መስኮቱ ተዘጋ። አባቴ በረንዳው ላይ ቁጭ አለ። አራስ ቤት ወንድ ምን ይሠራል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

እማማ ተዋቡ የሕፃኑን ጨርቆች ሊያጥቡ በዝናብ ቦኖው ዘንድ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ቀጥ ብለው አልጋው ዘንድ ሄዱና እጃቸውን ጋቢው ውስጥ አስገብተው እግሩን ያዙት። ፊታቸው በራ።

"ሞቋል" አሉ። "ተመስገን፣ ልጃችን ሞቋል።"

እናቴ ማልቀስ ጀመረች፤ ከደስታዋ ነው። በረንዳው ላይ አባቴ፣ "ተመስገን፣ ተመስገን" ሲል ይሰማኛል። ሁሉም ተነፈሰ። እኔ ግን የማየው የእማማ ተዋቡን ጣቶች ነው። ቦኖ ውሃ ውስጥ ቆይተው ቀልተዋል፣ ተጨማደዋል። ያቺ ቀዝቃዛው ሳፋ ውስጥ የነበረች ግራ እጄ ትዝ አለችኝ።

"እማማ ተዋቡ፣ እጅዎ ውሸታም ነው" አልኩ።

እናቴ ከተኛችበት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እማማ ተዋቡ፣ "ምን አለች ይቺ?" አሉ። ትልቅ ሰው ተሰድቦ ዝም የሚባልበት ዘመን አልነበረም፤ ቁንጥጫዬን እየጠበቅሁ ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጣው ግን ከዝናቡ ገና የገባችው የእትዬ አስካለ ድምፅ ነው።

"እማማ፣ አንድ ጊዜ እጅዎን ይስጡኝ።"

ያዘቻቸው። የራሷን እጆች ብብቷ ሥር ከተተች፣ ቆየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ የወንድሜን እግር ያዘች። ፊቷን እያየሁት ተለወጠ።

"ቀዝቅዟል" አለች። "እጅዎ ከሱ ብሶ ቀዝቅዞ ነው እማማ፣ ለዚህ ነው ሙቅ የመሰለዎት።"

"እንግዲያው ሌላ ጋቢ እንጨምርለት" አሉ እማማ ተዋቡ።

"ጋቢ ሙቀት አይሠራም እማማ። እንደ ጭዱ ነው፤ ያለውን ነው የሚጠብቀው። ይኼ ልጅ ገና የሚጠበቅ ሙቀት የለውም። ቀዝቃዛውን ነው ጠቅልለን ያስቀመጥነው። የሚያስፈልገው የሞቀ ሰው ገላ ነው፣ ገላ ለገላ። ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፤ ሌላ መንገድ የለውም።"

እናቴ ክንዷን ልታነሳ ሞከረች፤ አቃታት። እትዬ እንዳትሆን ዝናብ ሲመታት መጥታ ጥርሷ ይንገጫገጫል። የቤታችን እሳት ማን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ በዚያ ክረምት በሸሚዝ የሚወጣ፣ ብርድ ልብስ የማይለብስ ሰው ነው። እናቴ እንኳ እግሯ ሲቀዘቅዝ እሱ ላይ ነው የምትለጥፈው፤ እሱም ሁልጊዜ ይጮሃል።

እትዬ በሩን ከፈተችው። "ጋሼ፣ ግባ። ሸሚዝህን አውልቅና ልጁን ደረትህ ላይ አስተኛው።"

አባቴ ያልሰማ መሰለ። ከዚያ፣ "እኔ?" አለ። "እኔ ሕፃን ይዤ አላውቅም። እሰብረዋለሁ። ደግሞ ገና ክርስትና ሳይነሳ፣ በሴቶች መሃል ራቁቴን... አስካል፣ ይኼማ ነውር ነው።"

"ጋሼ፣ እባክህ።" ይቺ ስትራመድ መሬት የምታንቀጠቅጥ ሴት ድምፅዋ ተሰበረ። ታናሽ እህት ናት፤ ከዚህ በላይ ምን ልትለው ትችላለች? ዕውቀቱ ነበራት፣ ማዘዣው አልነበራትም።

እማማ ተዋቡ የራሳቸውን እጅ እያገላበጡ ያዩ ነበር። ስንቱን የተቀበሉበት እጅ ነው። ዝቅ አደረጉትና ወደ በሩ ዞሩ።

"ታደሰ" አሉ። "ግባ።"

"እማማ፣ እኔ እኮ..."

"አንተንም በዚህ እጄ ነው የተቀበልኩህ። ያኔ ምን ለብሰህ ነበር? አሁን ነው የምታፍርብኝ? አውልቅ ብያለሁ፤ አስካለ ያለችህን አድርግ።"

አባቴ ገባ። ሸሚዙን ሲያወልቅ ጣቶቹ ቁልፉን ይስታሉ። ጀርባውን አስደግፈው አስተኙትና ያንን ጥፍር ያልነበረውን ልጅ ደረቱ ላይ አደረጉለት። እማማ ተዋቡ ከላይ ጋቢውን ደረቡ። እትዬ፣ "አሁን ጋቢው ሥራ አገኘ" አለች። አባቴ እንዳይሰብረው ፈርቶ ትንፋሹን ይዟል። "ተንፍስ እንጂ፣ እሱም ካንተ ነው የሚማረው" አሉት እማማ ተዋቡ። አባቴ ተነፈሰ። እኔ አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እንባው ወደ ጆሮው ሲወርድ እጁ ስላልተፈታለት አልጠረገውም።

እኔና እትዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልን። ዝናቡ አባርቷል፤ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። "እትዬ፣ ፈጽሞ ቢቀዘቅዝስ?" አልኳት።

ያን ጊዜ ንኪና ንገሪኝ አላለችኝም። "ፈጽሞ የሚቀዘቅዝ ነገር የለም" አለችኝ። "ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ፣ ሙቀቱ ጨርሶ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ማንም፣ ምንም አይደርስም። ይኼም ሕግ ነው። ሦስተኛው።"

ብድግ ብዬ እየሮጥኩ እናቴ ዘንድ ገባሁ። "እማዬ፣ አይሞትም፣ ሕግ ነው" አልኳት። እናቴ ሳበችኝና ሳመችኝ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ሰምታኛለች፤ ግን አላረመችኝም። ተማሪ ሲሳሳት ዝም ማለት የማትችለዋ እትዬ አስካለ ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች። ሕጉ ስለ ሕፃን እንደማይናገር፣ ድንጋይም ሬሳም ሙቀት እንዳለው የገባኝ ስንት ዘመን ቆይቼ ነው። በዕድሜዋ ሙሉ ካስተማረችኝ ሁሉ ያቺን ዝምታዋን አብልጬ እወድላታለሁ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የአንድ ልጅ ሙቀት ፋብሪካ ሆነ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ሸሚዙን በሩ ላይ ነው የሚያወልቀው። እናቴ ጉልበት ስታገኝ እሷ ደረቷ ላይ ታደርገዋለች። ሁለቱም ማረፍ ሲኖርባቸው ደግሞ እትዬ የባቄላውን ሣጥን አመጣች። እናቴ፣ "ምነው፣ ልጄን እንደ ንፍሮ ልትቀቅሉት ነው?" አለች፤ ከወለደች ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነው። ጭዱን አድርቀን ለውጠን፣ ሞቅ ያለ ውሃ የያዙ ጠርሙሶች በጨርቅ ጠቅልለን በግራና በቀኝ ቀበርንና በመሃል እሱን አስተኛነው። ፊቱ ብቻ ነው የሚታየው።

ጠርሙሱ ግን ይቀዘቅዛል። ሙቀት ከሞላበት ወደ ጎደለበት ይሄዳል፤ በራሱ ተመልሶ አይመጣም። "እንዲመለስ ከተፈለገ አንድ ሰው መልፋት አለበት" ትላለች እትዬ፤ ሁለተኛው ሕግ እሱ ነው። ሰፈሩ ለፋ። ድሮ ጠዋት ጠዋት በገል እሳት ሊጭሩ እኛ ቤት የሚመጡት ጎረቤቶች አሁን ፍም ይዘውልን ይመጣሉ። ላምባ ያገኘች በማሰሮ ሙቅ ውሃ ትልካለች። እትዬ በትምህርት ቤቱ የዕረፍት ሰዓት ጭቃውን እየረገጠች ሮጣ መጥታ ጠርሙስ ለውጣ ደወል ሳይደወል ትመለሳለች። ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ እጇ ላይ ጠመኔ። እንደዚያ ያማረች ሴት እስከ ዛሬ አላየሁም።

የእኔ ሥራ እግሩን መንካት ነበር። እጄን ብብቴ ሥር አቆይቼ፣ ውስጥ እግሩን ይዤ፣ ለእትዬ እነግራለሁ። "ከእኔ ይቀዘቅዛል።" በማግስቱም፣ "ከእኔ ይቀዘቅዛል።" እማማ ተዋቡም ከኔ ኋላ ቆመው እጃቸውን ብብታቸው ሥር ያሞቃሉ፤ ነክተው፣ "አዎ፣ ልክ ነሽ" ይሉኛል። የሰደብኳቸውን አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ፀሐይ ብቅ ባለችበት አንድ ቀን፣ ከቄስ ትምህርት ቤት ስመለስ እትዬን በሩ ላይ አገኘኋት፤ እሷም ገና መድረሷ ነው። ገባን። እናቴ ሣጥኑ አጠገብ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። እትዬ ጠርሙሶቹን ነካች። ቀዝቅዘዋል፤ ከቀዘቀዙም ቆይተዋል። እናቴ ባነነችና ያየችው የእትዬን ፊት ነው። "ልጄ" አለች።

እትዬ እጇን ወደ ልጁ ዘርግታ መለሰችው። ራሷ አልነካችውም። "ትርንጎ" አለችኝ፣ "ንኪና ንገሪኝ።"

እጄን ብብቴ ሥር ከተትኩ። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ጠብቄ አላውቅም። ከዚያ ጭዱ ውስጥ አስገብቼ ውስጥ እግሩን ያዝኩት። እንዳልሳሳት ብዬ እንደገና ያዝኩት።

"አይቀዘቅዘኝም" አልኩ። "አይሞቀኝምም። እትዬ፣ እኩል ነን።"

እናቴ አልገባትም፤ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች። እትዬ አስካለ ግን መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አፏን በጠመኔያም እጇ ይዛ ለቅሶዋን ለቀቀችው። "ጠርሙሱ ቀዝቅዞ እሱ ሞቋል" አለቻት እናቴን በለቅሶዋ መሃል። "የራሱን እሳት አነደደ፣ ሙሉዬ። የራሱን ነው።" እናቴ ያኔ ገባት። እማማ ተዋቡ ጩኸቱን ሰምተው ሲመጡ ሦስታችን መሬት ላይ ነን። ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው፤ እሳቱ ይባል አሉ፤ ተባለ።

ያ አይሱዙ መታጠፊያው ላይ ለቀቀንና ለቡ ወረድኩ። በሩን የከፈተልኝ እሳቱ ራሱ ነው። እትዬ አስካለ ዛሬ እሱ ዘንድ ነው የምትኖረው፤ አርጅታለች፤ አፍሮው ነጭ ሆኖ ሳስቷል። መስኮቱ ዘንድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበውላት አገጯ ብቻ ነው የሚታየው።

"ስንት ደረብንላት፣ ይበርደኛል ማለቱን አልተወችም" አለኝ እሳቱ።

ከጋቢው ውስጥ በዓይኗ ሳቀችብኝ። ትምህርቱን የረሳ ተማሪ ስታይ እንደዚያ ነበር የምትስቅ። ከዚያ እጇን አውጥታ ዘረጋችልኝ።

"ንኪና ንገሪኝ" አለች።

እጄን ብብቴ ሥር ከትቼ ቆየሁ። ከዚያ እጇን ያዝኩት። ከእኔ ይቀዘቅዝ ነበር። አልነገርኳትም፤ ወንበር ሳብኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እኩል እስክንሆን ድረስም አልለቀቅኳትም።